መይሳው ከሽጉጡ ይበልጣል

ከባሕር ዳር ለሚመጣ ሰው ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር። ወደ ደብረ ታቦር የታጠፈ ጋፋትን ያገኛል።

«አፄ ቴዎድሮስን የሚገልጸው የትኛው ታሪክ ነው?» ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ፣ ሽጉጥ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ለመድረክ አብቅቶታል። ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ሽጉጡ ነው።

ስህተት ነው! እጄን አልሰጥም ብሎ የሞተ ጀግና በዚህ አገር ሞልቷል። ጋፋት ላይ መድፍ ያሠራ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል እስከ መቅደላ ለማድረስ ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ የጠረገ ንጉሥ ግን አንድ ነው።

«መድፉ መች አዳነው?» የሚል ይኖራል። አላዳነውም። ያ ሠራዊት የበላውም ከበጌምድር ገበሬ የተዘረፈ እህል ነው፤ ደብረ ታቦርንም አቃጥሏት ነው የሄደው። የጋፋት ታሪክ የሚበልጠው ለዚሁ ነው፤ ሕልሙንም ጥፋቱንም አንድ ላይ ይዟል። የሽጉጡ ታሪክ ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ተኩስ ያጥብለታል።

የፎገራ ልጅ አሟሟት ብቻ ተምሮ አይደግ። መሥራትንም፣ የሥራው ዕዳ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅንም ይማር።