ባለርስቱ እንደራሴ

ፓርላማችን በወግ አጥባቂነት የሚታማበት ዘመን ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫን ፈቅዶ ድምፅ ሲሰጥ ፓርቲ የሚባል የለም፤ ተወዳዳሪው ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት ሊኖረው ግድ ነበር። ወንበሩን በብዛት የያዘው ባለመሬቱ መሆኑ ታዲያ ምን ይገርማል? የጢሰኛውን ውል ሊያስተካክል የቀረበው ረቂቅ ዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ፣ ምክር ቤቱ በመስከረም 1967 ሲበተን ሕግ ሳይሆን ቀረ። ይህን እንነቅፋለን።

ጎጃም ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ያው ፓርላማ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን አጸደቀ። ገማቾቹ ወደ ገጠር ሲወጡ የዳሞት ገበሬ የታየው የመሬት መለኪያው ቀላድ ነው፤ መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል ብሎ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ተላከ፣ ቦምብም ወረደ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ርስቱን የሙጥኝ ያለው ገበሬ፣ ከየትኛውም እንደራሴ ይልቅ ወግ አጥባቂ ነበር ማለት ነው። የመረጠው እንደራሴ ግን የነበረው አዲስ አበባ ነው። በእኛ እምነት፣ ከገማቹ ቀድሞ ከቡሬ እስከ መራዊ እየዞረ ሕጉን ማስረዳት የነበረበት እሱ ነበር።