የመሸበት እንግዳና የግድግዳው ወረቀት

በአገራችን የቆየ ልማድ፣ መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ በደረሰ ጊዜ፣ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ማለት ይበቃው ነበር። ባለቤቱም አገሩንና ዘመዱን ከመጠየቁ አስቀድሞ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ቆርሶ ያቀርብለታል፤ መደቡንም ለቆለት እርሱ ከመሬት ይተኛል። ይህን ሲያደርግ አባታችን አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ ሦስቱን እንግዶች እንደ ተቀበለ ያስታውስ ነበር። ዛሬም ቢሆን ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግር የሚጓዙ ምእመናን ሲደርሱ፣ የአገሩ ሰው ወጥቶ እግራቸውን እያጠበ ይቀበላቸዋል።

ነገር ግን ከተማው እየሰፋ፣ መንገደኛውም እየበዛ በሄደ ጊዜ፣ ይህን ሁሉ ሰው በየቤቱ ማሳደር የማይቻል ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ እቴጌ ጣይቱ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ፣ ምግብን ለእንግዳ በገንዘብ መሸጥ ለብዙው ሰው ነውር መስሎ ይታየው ነበር። እኛ ግን ነውር ነው አንልም። አልጋ የሚያነጥፍ፣ አንሶላ የሚያጥብ፣ ሌሊት በር የሚጠብቅ ሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ ይገባዋልና።

ይሁን እንጂ ንግድም የራሱ ክብር አለው። በገበያ ጤፍ የሚሸጥ ሰው ቁናውን በገዢው ፊት ይሰፍራል እንጂ ከጀርባው አይሰፍርም። መንገደኞች በየሆቴሉ ሲያዝኑ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው በዛ ብለው አይደለም፤ ቁናው በፊታቸው ስላልተሰፈረ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የአልጋውን ዋጋ እንመልከት። አንዱ መንገደኛ ማታ ሲጠይቅ 1,000 ብር ነው ይባላል። በማግስቱ ደረሰኙ ሲቀርብለት ግን 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለት 100 ብር፣ ተጨምሮበታል። ከዚያም በ1,100 ብሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለት 165 ብር፣ ይታሰብና ጠቅላላው 1,265 ብር ይሆናል። ታክሱ የመንግሥት ሕግ ስለ ሆነ አንከራከርበትም፤ የአገልግሎቱም ክፍያ ለሠራተኛው የሚደርስ ከሆነ እሰየው እንላለን። ነገር ግን ሆቴሉ ይህን ሒሳብ ያወቀው ጠዋት አይደለም፤ ማታም ያውቀው ነበር። ማታ የሚያውቀውን ጠዋት ከተናገረ፣ ለመንገደኛው 265 ብር ብቻ ሳይሆን እምነቱም ይጎድልበታል።

ሌላውም እንዲሁ ነው። ሙቅ ውሃ አለ ይባላል፤ የሚመጣው ንጋት ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ መሆኑ የሚታወቀው ግን ሰውዬው ሳሙና ተቀብቶ ከቆመ በኋላ ነው። ክፍሉ ጸጥታ አለው ይባላል፤ ከሥሩ ያለው ቡና ቤት ግን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃውን ያስጮኻል። የጾም ምግብ አለ ይባላል፤ ሽሮው የሚማሰለው ግን ከቅቤው ወጥ በወጣው ማንኪያ ነው። ሕዝብ በሚበዛበት በጥምቀት ሰሞንም፣ አስቀድሞ ቀብድ ከፍሎ ክፍል የያዘ ሰው ከሩቅ አገር ሲደርስ፣ ክፍሉ ከፍ ባለ ዋጋ ለሌላ ተሰጥቶ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። መብራት ቢጠፋ፣ ውሃም ቢቋረጥ፣ ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ጥፋት አይደለም፤ አስቀድሞ አለመናገሩ ግን የራሱ ጥፋት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካውን ነገር አሁን እንናገራለን፤ በእርሱ ውስጥ የእኛም ጥፋት አለበትና።

ለትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ፣ ከአንድ ሆስፒታል አጠገብ ባለ አነስተኛ ሆቴል አደርን። ማታ ከእንግዳ መቀበያው ፊት ስንቆም፣ አንዲት ከገጠር የመጡ አሮጊት የታመመ የልጅ ልጃቸውን በነጠላ አዝለው ከአጠገባችን ነበሩ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉን። እኛም በአማርኛ የተጻፈውን አነበብን፤ እንግዶች ክፍሉን የሚለቁት እስከ 12:00 ሰዓት ነው ይላል። «እማማ፣ ነገ እስከ 12 ሰዓት መቆየት ይችላሉ» አልናቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያውስ ልጁን አሳክሜ እደርሳለሁ፤ ተባረክ» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመጻሕፍቱን እሽግ አስይዘን ስንመለስ፣ ሴትዮዋን በመተላለፊያው ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጓዛቸው ከክፍሉ ወጥቶ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ልጁም በላዩ ተኝቷል። ሰዓቱ ስላለፈ የሁለተኛ ቀን ሒሳብ ተጠይቀው ኖሮ፣ ለመድኃኒት ያቆዩትን ገንዘብ ከመቀነታቸው ፈትተው ይቆጥሩ ነበር።

ወደ እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ቀርበን፣ «ልጄ፣ 12 ሰዓት ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል እኮ» ብንለው፣ «ጋሼ፣ 12 የተባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት ማለት ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለን።

በዚህ ጊዜ እጅግ አፈርን። እኛ ከቤተ ክርስቲያንም ከዘመናዊ ትምህርት ቤትም የተማርን፣ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት መሆኑን ለሕፃናት ስናስተምር የኖርን ስንሆን፣ ወረቀቱ በአማርኛ በመጻፉ ሰዓቱም የእኛው ነው ብለን አነበብነው። ማንበብ የማይችል ሰው ባመነን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባን ነበር፤ አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ ስለ ሆነ ሒሳቡን እንክፈል ብንል ሴትዮዋ እንቢ አሉ። «አንተ ምን አጠፋህ፤ ያልኸኝ ወረቀቱ ያለውን ነው» አሉን። ብዙ ከለመንናቸው በኋላ ግማሹን እንድንከፍል ፈቀዱ፤ ግማሹን ግን ከመቀነታቸው ከፈሉ። የመድኃኒቱ ገንዘብ ጎድሎባቸው እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ልጁን አዝለው ሄዱ።

ወጣቱን አንወቅሰውም፤ ታዛዥ ነበርና። ባለቤቱም ቢሆን ሰው ለመበደል ብሎ ወረቀቱን ለጠፈ አንልም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚሉ ጥቂት ፊደላት ቢጻፉ ኖሮ፣ የአንድ ሕመምተኛ ልጅ የመድኃኒት ገንዘብ ባልጎደለ ነበር።

ስለዚህ ሆቴል ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምናሳስበው ጥቂት ነገር ነው። ዋጋችሁን የመጨረሻው ድምር ተጨምሮበት ጻፉት። ሰዓታችሁን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውንም አትተዉ። ማንበብ ለማይችል እንግዳ በቃል ንገሩት፤ የማይኖረውን ነገር ደግሞ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት አስታውቁት። በሆቴል የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ይህን ምከሩት። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው በቤታችን ብቻ ሳይሆን በሆቴልም ይሠራል፤ መልካም ፊት ማለትም ፈገግታ ብቻ ሳይሆን እውነቱን አስቀድሞ መናገር ነው።

መንገደኛ የሆንነውም ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ታክሱና የአገልግሎቱ ክፍያ ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው? የምንለቀው በየትኛው አቆጣጠር በስንት ሰዓት ነው? ሙቅ ውሃውስ የሚመጣው መቼ ነው? መጠየቅ አያሳፍርም። ከአጠገባችን መጠየቅ የሚፈራ ሰው ቢኖር ደግሞ ስለ እርሱም ሆነን እንጠይቅ።

እኛም ወደ ትምህርት ቤታችን በተመለስን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሥለን፣ ከአንደኛው ሥር «የእኛ»፣ ከሁለተኛው ሥር «የፈረንጅ» ብለን ጻፍን። ለተማሪዎቻችንም፣ «ለአያቶቻችሁ ወረቀት በምታነቡላቸው ጊዜ፣ ሰዓቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ» አልናቸው።