ወደ አርዲቦ ከውሻ ጋር

ባለፈው ጳጉሜን፥ ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ፥ ስንቃችንን አዝለን ውሻችንንም አስከትለን ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ በእግራችን ወጣን። ከተማው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአርዲቦም ባሕር ከበላይ ሆኖ ውሃውን ወደ ሐይቅ ባሕር ያፈስሳል።

በዚያም ውሻችን ከበግ ጠባቂ ውሻ ጋር ተናከሰ፤ ሊገላግል የገባውንም እረኛ ልጅ እጁን ነከሰው። አባትየው «ለመሆኑ ተከትቧልን?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አጥተን አፈርን።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላልና፥ ቍስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበን ልጁን ወዲያው ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ ክትባቱንም ጀመረ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ውሻ አስከትላችሁ ለመሄድ ስታስቡ ከስንቁ አስቀድሞ ክትባቱና ማሰሪያው ይሰናዳ።