በፓርኪንግ እንጣላለን፣ የሚሻገረውን ማን ያስበዋል?

ሬክስዴል ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያጣላ ነገር ቢኖር ፓርኪንግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቆቹ ያሉበት ፕላዛ ብቅ ብላችሁ እዩ። አንዱ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ «ሁለት ደቂቃ ነው» ይላል። ከኋላው ያለው ክላክሱን አይለቅም። ቦታ ያጣው ደግሞ ወደ ጎን መንደር ገብቶ የሰው ቤት መግቢያ ዘግቶ ይሄዳል። ባለቤቱ 311 ይደውላል፣ ባለሱቁ «ደንበኛዬን አባረራችሁብኝ» ብሎ ያኮርፋል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ በእግሩ የሚመጣው ሰው ስሙ እንኳ አለመነሳቱ ነው።

ነገሩ ከሰፈሩ አሠራር ይጀምራል። ሬክስዴል ስያሜውን ያገኘው በ1950ዎቹ አካባቢውን ካለማው ከሬክስ ሄስሎፕ ነው። ያኔ የታሰበው ለባለመኪና ቤተሰብ ነበር፤ ስለዚህ ሱቁ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ከኋላ፣ አስፋልቱ ከፊት ሆነ። ፒያሳ ከሱቅ ስትወጡ የምትረግጡት የእግረኛ መንገድ ነው። እዚህ ከበሩ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ወደ ኋላ የሚነዳ ፒክአፕ ነው። ዛሬ ከፎቆቹ ጋሪ እየጎተተች የምትመጣው እናት፣ ከአውቶቡስ የሚወርደው ተማሪ፣ ሁሉም ያንን አስፋልት አቋርጠው ነው እንጀራና ወተት የሚገዙት።

ፕላዛው ደግሞ የግል ንብረት ነው። የኦንታሪዮ የትራፊክ ሕግ በዋናነት የሚመለከተው የሕዝብ መንገድን ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የተተከለው «ስቶፕ» ከትእዛዝ ይልቅ ምክር ይመስላል። ከተማውም ገብቶ ብሬከር አይሠራላችሁም። ከፕላዛው ውጭ ግን ሕግ አለ። የተለየ ምልክት ከሌለ መንገድ ዳር ከ3 ሰዓት በላይ አይቆምም፤ ከእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ 3 ሜትር፣ ከመስቀለኛ መንገድ 9 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ይቺን 9 ሜትር ብዙ ሰው እንደ ማዘጋጃ ቤት ንፍገት ያያታል። ጥግ ላይ የቆመ ቫን ከጀርባው የሚወጣን ሕፃን ስለሚጋርድ ነው እኮ!

በዲሴምበር 7 ቀን 2025 የፊንች ዌስት ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። 10.3 ኪሎ ሜትር፣ 18 ፌርማታ። (ፍጥነቱን አታንሱብኝ።) አልቢዮን፣ ማውንት ኦሊቭ ላይ የሚወርደው ሰው እግረኛ ነው። ባቡሩ በቢሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ ከፌርማታው እስከ ሱቁ በር ያለው የመጨረሻው መቶ ሜትር ግን ባለቤት የለውም።

ፍጥነትስ? ቶሮንቶ በ2016 የመንገድ ሞትን ወደ ዜሮ እናወርዳለን ብላ «ቪዥን ዜሮ»ን አጽድቃ ነበር። የፍጥነት ካሜራዎቹም ሠርተዋል። ሲክኪድስ የሕፃናት ሆስፒታልና ቶሮንቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ በ2025 ያወጡት ጥናት፣ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ከተፈቀደው በላይ የሚነዳው ሰው ድርሻ በ45 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ግን ካሜራዎቹን ገንዘብ መሰብሰቢያ ናቸው ብሎ ከኖቬምበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ በሕግ ከለከለ። ይህን ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር ዳግ ፎርድ ደግሞ የኢቶቢኮ ኖርዝ፣ ማለትም የእኛው የሬክስዴል ተመራጭ ናቸው። ቅጣት ማንንም አያስደስትም፣ እኔንም ጭምር። ግን የሚሠራ ነገር አንስቶ በምትኩ ትልልቅ ምልክትና ብሬከር ይበቃል ማለት አላሳመነኝም። ሰፋፊዎቹ መንገዶቻችን ላይ ብሬከር አይሠራማ።

ባለሱቁን መውቀስ አልፈልግም። እሱም ተከራይ ነው፤ መስመሩን የሚያስቀባው አከራዩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለአከራዩ ይሁን፦ ከእግረኛው መንገድ እስከ በሩ የሚደርስ በቀለም የተለየ መተላለፊያ፣ ለዚያ «ሁለት ደቂቃ» ባይ ደግሞ ባለ 15 ደቂቃ ማቆሚያ ሦስት አራት ቦታ። ጥቂት መኪና ማቆሚያ ይሄዳል፣ ይሂድ። እንግሊዝኛውንም ፎርሙንም የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ጋሪ የምትጎትተዋ እናት ማታ ፈረቃ ላይ ስለሆነች የምክር ቤት አባሉ ስብሰባ ላይ አትገኝም። በረዶው ሲቀልጥ የፓርኪንጉ መስመር እንደገና ይቀባል፣ ደብዳቤው ቀቢው ከመምጣቱ በፊት ቢደርስ ይሻላል።