ዲስክ ሲዛወር ስሙም ይከተለው

ሰርቨር ሲያረጅ ወይም ድንገት ሲሞት ዲስኮቹን ነቅሎ ሌላ ሰርቨር ላይ መሰካት የተለመደ ነው። አዲሱ ማሽን ዲስኮቹን ያያቸዋል፤ በውስጣቸው ያለውን ቮልዩም ግሩፕ ግን አያውቀውም። በዚህ ድንጋጤ መሀል ነው አንዱ ተነስቶ «አዲስ ቮልዩም ግሩፕ እንፍጠር» የሚለው። እኛ ግን አትፍጠሩ እንላለን! አዲስ መፍጠር ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ነባር መግለጫ ይደመስሳል። ኢምፖርት ማድረግ ግን መግለጫውን ያነባል እንጂ ዳታውን አይነካም።

ችግሩ ዩኒክሶች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የአይቢኤም ኤአይኤክስ የሎጂካል ቮልዩሞቹን ስም ሳይቀር ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ «ኢምፖርትቪጂ» ለተባለው ትእዛዝ ከግሩፑ ዲስኮች የአንዱን ስም መንገር ይበቃል፤ ሌሎቹን ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል። በኤችፒ-ዩኤክስ ግን «ቪጂኢምፖርት» ስሞቹን የሚያገኘው «ቪጂኤክስፖርት» ካዘጋጀው የካርታ ፋይል ነው። ካርታው ከሌለ ዳታው ይመጣል፤ ስሞቹ ግን «ኤልቮል1»፣ «ኤልቮል2» እየተባሉ በቁጥር ይተካሉ። ታዲያ የደመወዙ የቱ ነው? የደንበኞቹ መዝገብስ?

በየመሥሪያ ቤቱ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «እገሌ ያውቀዋል» ነው። እገሌ ደግሞ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል! ጠባችን ከማሽኑ ጋር ሳይሆን ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

መድኃኒቱ እኮ ርካሽ ነው። «ቪጂኤክስፖርት» «-ፒ» ከሚለው ምርጫ ጋር ሲታዘዝ ግሩፑን ከሲስተሙ ሳያስወጣ ካርታውን ብቻ ይጽፍልናል። ካርታው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይሞታል። ሌላ ማሽን ላይ ይገልበጥ፤ ታትሞም ፋይል ይደረግ፤ ሎጂካል ቮልዩም በተጨመረ ቁጥርም ይታደስ።

«ባክአፕ አለን» የሚሉን አይጠፉም። ደግ ነው፣ ይኑር። ነገር ግን ባክአፕ የሚመልሰው እስከ ተወሰደበት ሰዓት የነበረውን ብቻ ነው። ማታ የተወሰደ ባክአፕ የዛሬ ጠዋቱን ሥራ ከየት ያመጣዋል? እሱ ያለው ዲስኩ ላይ ነው።

አንድ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዛወር የግል ማኅደሩ ይከተለዋል። የሺህ ሰው መዝገብ የተሸከመ ዲስክስ ለምን ያለ ማኅደር ይሸኛል?