የሸሚዝ ቀሚስን በቤት ስለ መስፋት

በዲማ አካባቢ ባስተማርሁበት ዘመን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለጥምቀት የተገዛላትን ሦስት ሜትር ጨርቅ ይዛ ወደ ገበያ ወጣች። እናቷ የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ አጠራቅማ የገዛችላት ነበር። ልብስ ሰፊው ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ዓይኑን ብቻ አምኖ ቀደደው። ቀሚሱ ሲያልቅ በደረቷ ላይ አልቆለፍ አለ፤ ክንዷንም ከፍ ስታደርግ ከብብቷ ሥር ተተረተረ። ጨርቁ አልቆ ስለ ነበር ማረሚያ አልተገኘለትም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል የምታውቁ ሁሉ ልጅቱ በዚያ ዕለት አሮጌ ልብሷን ለብሳ ታቦት ስትሸኝ ምን እንደ ተሰማት ትረዱታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ የያዝሁት አስተያየት ይህ ነው፤ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ቢያንስ አንድ ልብስ በወረቀት ቅድ ለክቶ፣ ቀድዶና ሰፍቶ መጨረስን ሊያውቅ ይገባዋል። ለመጀመሪያም የሸሚዝ ቀሚስን እመርጣለሁ። ከላይ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ፣ እጅጌና ከፊት የሚቆለፉ ቁልፎች አሉት፤ ከወገብ በታች ቀሚስ ነው። ይህን አንድ ልብስ የሰፋ ሰው የአብዛኛውን ልብስ አሠራር ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደምትገኘው እንደ ደብረ ማርቆስ ላለው ደጋም ኮሌታውና ረጅሙ እጅጌ ይስማማሉ።

የወረቀት ቅድ ማለት የልብሱ ክፍሎች ሁሉ፣ ጀርባው፣ ሁለቱ ፊቶች፣ እጅጌውና ኮሌታው፣ በልክ ተስለው የተቆረጡበት ወረቀት ነው። ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ በ1863 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጁ የወረቀት ቅዶችን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የቤት ስፌት ለብዙዎች ቀለለ። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስ ደብር አጠገብ ያደገ ልጅ ብራና እንዴት እንደሚጻፍበት ሰምቶ ይሆናል። ጸሐፊው ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ በወጋውም ልክ ያሰምራል። ተበላሽቶ የሚቀር ብራና ውድ ነውና። እናቲቱ በእንቁላል ገንዘብ የገዛችው ጨርቅም እንዲሁ ውድ ነው።

ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ቢሆን፣ ወይም በሊጥ የተጣበቀ የቆየ ጋዜጣ ቢሆን ግድ የለም። ዋናው ልኩ ነው። ደረትን፣ ወገብንና ዳሌን በዙሪያቸው፣ ጀርባን ከአንገት ሥር እስከ ወገብ ለኩ። ራሳችሁን አትለኩ፤ ሰው ሲያጎነብስ ልኩ ይሳሳታልና እኅታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ትለካችሁ። የደረቱ ልክ 84 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቀሚሱን በ84 የቀደደ ሰው መተንፈሻ ነሥቷል ማለት ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨመርበታል። ለስፌት ደግሞ በየጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ከመቀደዱ በፊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ደርቆ ይተኮስ፤ አለዚያ ታጥቦ ሲያጥር ታዝናላችሁ።

ሸማኔ ቤት የገባ ሰው ድርና ማግን ያውቃል። ድሩ በጨርቁ ርዝመት፣ ማጉ በወርዱ ይሄዳል። ቅዱ ከድሩ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተነጠፈ ቀሚሱ በለበሱት ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፤ ያንንም ካውያ አያቃናውም።

እኔ ራሴ ሁለቱንም እጅጌ ለአንድ ክንድ ቀድጄ አውቃለሁ። ቅዱን ለሁለተኛው እጅጌ ገልብጬ ማንጠፍ ሲገባኝ እንደ ነበረ አነጠፍሁት። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞክር እላለሁ፤ በረጅም ስፌት ተጋጥሞ ይለበስ፣ ክንድ ይነሣ፣ ይቀመጡበት። ያስቸገረው ክፍል በቅዱ ላይ ከታረመ በኋላ ጥሩው ጨርቅ ይቀደዳል። ከሁሉ የሚከብደው እጅጌን ከትከሻ ጋር ማጋጠም ነው፤ የእጅጌው አናት ከሚገጥምበት ቀዳዳ ይበልጣልና። የተማረረ ሰው ትርፉን በመቀስ ያነሣዋል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አናቱን በሁለት መስመር ረጅም ስፌት ሰፍቶ ክሩን ቀስ አድርጎ መሳብና ትርፉን ማከፋፈል ይገባል። ያ ትርፍ ክንድ የሚነሣበት ነው፤ የዚያች ተማሪ ቀሚስ የተተረተረውም እርሱን ስላጣ ነው።

«ሰልባጅ በርካሽ ሲገኝ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ በቤት የተሰፋ ልብስ ሁልጊዜ ይረክሳል አልልም፤ ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ ሲደመሩ ይበልጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሰልባጅ ለሌላ ሰው አካል የተሰፋ ነው፤ አጥብቦ ለመልበስ እንኳ ስፌት ማወቅ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዎችንም እንጀራ ለመንሣት አይደለም። ልኩን የሚያውቅ ደንበኛ ጥሩውን ባለሙያ ከሰነፉ ለይቶ ያከብረዋል።

ሌላው ተቃውሞ ያሳዝነኛል፤ እርሱም «የእጅ ሥራ ለተማረ ሰው አይገባም» የሚለው ነው። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስሜቱ በክፍል ውስጥ አልጠፋም። ወንዶች ተማሪዎች ደግሞ መርፌ የሴት ነው እያሉ ይስቃሉ፤ በአገራችን ጥጥ የምትፈትለው ሴት ብትሆንም በየገበያው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ወንድ መሆኑን ግን አያስተውሉም።

የስፌት መኪና የሌለው ቤት ብዙ ነው። ጎንና ትከሻው በመርፌ፣ እየመለሱ በጥቅጥቅ ስፌት ቢሰፋ ይጸናል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ ምናልባት የአንድ ወር ቅዳሜና እሑድ። በቅዱ ላይ የባለቤቷን ስም፣ ልኩንና የተለካበትን ቀን ጽፋችሁ አጥፋችሁ አስቀምጡት። ለታናሽ እኅት ሲደርስ ወገቡ ላይ ተቆርጦ ያጥራል፣ ወይም ወረቀት ተቀጥሎበት ይረዝማል። ለዚያችው ለባለቤቷም ቢሆን በዓመቱ ልኩ እንደገና ሳይወሰድ መቀስ አይነሣ።