እንቅልፍ ያጣ ሐኪም

ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌር መኪና ላይ ልጆቻችንን አናሳፍርም። ሆስፒታል ስንደርስ ግን ትናንት ጠዋት ዲዩቲ ገብቶ እስካሁን ላልተኛ ኢንተርን እናስረክባቸዋለን።

በ1984 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዚየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገባች፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሠልጣኝ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ዝም አላሉም። በ1989 ግዛቱ የሠልጣኞችን ሥራ በሳምንት በ80፣ በተከታታይ በ24 ሰዓት ገደበ። በ2003 የ80 ሰዓቱ ገደብ መላ አሜሪካን አዳረሰ።

24 ሰዓት ያልተኛ ሰው እንደ ሰከረ ሰው እንደሚዘገይ ጥናቶች አሳይተዋል። የሰከረ ሰው መርፌ እንዲወጋን እንፈቅዳለን?

«ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር የታማሚው መረጃ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ርክክቡን ማጥበቅ እንጂ ሐኪሙን ማድከም አይደለም። «እኛም እንዲሁ ነው የሠለጠንነው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ መልስ አይሆንም።

ወገን፣ ወረፋ ረዘመ ብለን ዓይኑ በቀላ ልጅ ላይ ከመጮኻችን በፊት ስንት ሰዓት እንደቆመ እንጠይቅ። ጩኸታችንን የተራ ሰሌዳውን ለሚያወጡት እናድርገው። ነፍስ አማና ናት፤ የእኛም፣ የእሱም።